የደከመ ልብ፣ ሥራ የፈታ እግር፦ ተኝተው በሚታከሙ የልብ ድካም ሕሙማን ማገገሚያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጡንቻ ማነቃቂያ ቦታ

በአማርኛ የበሽታው ስም ራሱ መድኃኒት ያዝዛል። «የልብ ድካም» ሲባል ሰሚው ሕክምናውን ከስሙ ያገኘዋል፤ የድካም መድኃኒቱ ዕረፍት ነውና። በልብ ድካም ሆስፒታል በተኛ ሰው ዙሪያ የሚሰማው ቃልም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ «ይረፍ»፣ «አትነሺ»፣ «እኔ አቀብልሃለሁ»። አስታማሚ ውኃ ያቀርባል፣ ያጎርሳል፣ ያለብሳል፣ ደግፎ ያስቀምጣል፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይወርድ ቀናት ያልፋሉ። ይህ ፍቅር እንጂ ቸልተኝነት አይደለም። ይሁን እንጂ ፍቅሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። የደከመው ልብ ነው፤ እግር ግን ሆስፒታል ውስጥ የሚደክመው በመሥራት ሳይሆን ባለመሥራት ነው።

በአልጋ ላይ የሚጠፋውን የጡንቻ ጉልበት ለማዳን ከቀረቡት መንገዶች አንዱ የኤሌክትሪክ ጡንቻ ማነቃቂያ ነው። በጭን ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሚተላለፍ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምት፣ ሕመምተኛው ጋደም እንዳለ ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ለአገራችን ሆስፒታሎች የተመቸ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም መሣሪያው ቦታ አለው፣ ቦታው ግን ጠባብ ነው የሚል ነው። በራሱ ጉልበት መቆም ላልቻለ ሕመምተኛ፣ እስኪቆም ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት የሚያሻግር ድልድይ ሊሆን ይችላል። መቆም ለሚችለው ግን የመቆምን ያህል አይጠቅመውም። ሕመምተኛን የሚያስነሣ ባለሙያ በሌለበት ክፍል ብቻውን ከገባ ደግሞ ሰውን በአልጋው ላይ የማቆያ ሰበብ ሊሆን ይችላል።

ውኃው ከወጣ በኋላ

አንድ የልብ ድካም ሕመምተኛ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ጋደም ማለት ተስኖት ሆስፒታል ሲደርስ የሚሰጠው ሕክምና ግቡ ግልጽ ነው። በፉሮሴማይድ አማካይነት በሰውነቱ የተጠራቀመው ፈሳሽ በሽንት እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይስተካከላል፤ ድካሙን ያባባሰው ምክንያት ይፈለጋል። ክብደቱ ሲቀንስ፣ እብጠቱ ሲጎድል፣ ሳንባው ሲጠራ «ተሽሎታል» ተብሎ ይወጣል። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍሩት ቁጥሮች ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የኦክስጅን መጠንና የሽንት መጠን ናቸው። ከወንበር ሳይደገፍ መነሣት ይችል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው አይገኝም።

የሕመምተኛው ቤት የሚጠይቀው ደግሞ ይህንኑ ነው። ወደ ቀራንዮ የሚመለስ ሰው ከታክሲ ወርዶ ዳገት ይወጣል፤ ከዝቅተኛ በርጩማ ይነሣል፤ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ውኃ በጄሪካን ያነሣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ አየሩ ሳሳ ባለበት ከተማ ነው። ሳንባው ጠርቶ የፊት ጭን ጡንቻው የከሳ ሰው ከመኝታው እስከ በሩ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ሲደክመው «በሽታው ተመለሰ» ብሎ ይተኛል፤ ሲተኛ ጡንቻው ይበልጥ ይከሳል። በዚህ ዑደት ውስጥ የልቡን ድካም ከእግሩ ድካም መለየት ለሐኪምም ይቸግራል።

ይህ ዑደት በሳይንስ ስም ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድሩ ኮትስና የሥራ ባልደረቦቹ «የጡንቻ መላምት» ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ፣ በልብ ድካም ሕሙማን ላይ የሚታየው የትንፋሽ ማጠርና መዛል ከልብ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ አመለከተ። እንደ መላምቱ፣ የከሱና የተፈጥሮ ባሕርያቸው የተለወጠ የእግርና የክንድ ጡንቻዎች ወደ አንጎል የሚልኩት ምልክት ትንፋሽን ያፋጥናል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ይህም በደከመው ልብ ላይ ተጨማሪ ሸክም ይጭናል። በመሆኑም ጡንቻ የበሽታው ሰለባ ብቻ ሳይሆን የበሽታው ተካፋይ ነው።

መተኛት ይህን ጡንቻ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማወቅ የታመመ ሰው እንኳ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ የተደረገ ታዋቂ ጥናት አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንታት አልጋ ላይ አዋለ። ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀነሰ። እነዚሁ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዳግም ሲለኩ፣ ሦስት ሳምንት መተኛት ያደረሰባቸው ጉዳት ሠላሳ ዓመት ማርጀት ካደረሰባቸው የከፋ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤነኛ አረጋውያን በአሥር ቀን መተኛት ብቻ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ እንደሚያጡ አሳይቷል። ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ከጎደለበት፣ ምግብ ባስጠላውና ሕመሙ ሥጋውን በሚበላበት ሕመምተኛ ላይ ያነሰ ይጎድላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

አልጋ መድኃኒት አለመሆኑም አዲስ ግኝት አይደለም። ሳሙኤል ሌቪን የተባለው የቦስተን የልብ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 የልብ ሕሙማንን ማስተኛት የሚያስከትላቸውን ጉዳቶች ዘርዝሮ ጽፏል፤ በ1952 ደግሞ ከበርናርድ ላውን ጋር በመሆን የልብ ደም ሥራቸው የተዘጋባቸው ሕሙማን በባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው መታከም እንደሚችሉ የሚያሳይ ሥራ አሳተመ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ለሳምንታት እንዳይንቀሳቀሱ ይደረግ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የማይገዛው ያ ወንበር ዛሬም በብዙ መኝታ ክፍሎች ከአልጋው አጠገብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚቀመጥበት አስታማሚው ነው።

መሣሪያው የሚሠራውና የማይሠራው

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ጡንቻን በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጡንቻው በሚገባው ነርቭ በኩል ያኮማትራል። በተለመደው አሠራር ኤሌክትሮዶች በሁለቱም ጭኖች ፊት ላይ ይለጠፋሉ፤ በሰከንድ ከ10 እስከ 50 የሚደርስ ምት ለጥቂት ሰከንዶች ይላካል፤ ከዚያም ጡንቻው እንዲያርፍ ቢያንስ ያንኑ ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ፋታ ይሰጠዋል። ይህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይደጋገማል። የልብ ምትና የደም ግፊት የሚጨምሩት በጥቂቱ ስለሆነ፣ ለመራመድ ገና ያልጠና ልብ ሊሸከመው ይችላል። የመሣሪያው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ የልብን ፈቃድ ብዙም ሳይጠይቅ ጡንቻን ያሠራል።

ይህ ግን ከእንቅስቃሴ ጋር አንድ አይደለም። ሰው በፈቃዱ ሲንቀሳቀስ በመጀመሪያ የሚሠሩት ቶሎ የማይደክሙት ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ወፋፍራሞቹ የሚጠሩት ሸክሙ ሲከብድ ነው። ኤሌክትሪክ ይህን ሥርዓት አይጠብቅም፤ ከቆዳ አጠገብ ያሉትን ክሮች ያለ ተራ በአንድ ጊዜ ያነሣሣል። በዚህም ምክንያት ጡንቻው ቶሎ ይዝላል፤ ፋታው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ መሣሪያው ሚዛን መጠበቅን፣ ከወንበር መነሣትን፣ ደረጃ መውጣትን፣ «መራመድ እችላለሁ» የሚለውን ድፍረት አያስተምርም። እነዚህ የሚመለሱት ሰው በእግሩ ሲቆም ብቻ ነው።

ማስረጃውም ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኤድንብራ የወጣ ጥናት 46 ሥር የሰደደ የልብ ድካም ያለባቸውን ሕሙማን ለስድስት ሳምንታት ከሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ግማሾቹ ብስክሌት ሲመቱ ግማሾቹ ቤታቸው ሆነው እግራቸውን በኤሌክትሪክ ሲያነቃቁ፣ ሁለቱም ወገኖች በጡንቻቸውና በመራመድ አቅማቸው ተሻሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኮክራን ግምገማ በሳንባ፣ በልብና በካንሰር ሕመም የተዳከሙ 933 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 18 ጥናቶች መርምሮ፣ ማነቃቂያው የፊት ጭን ጡንቻን ጉልበት ሊያሻሽል እንደሚችል ደምድሟል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ግን ዝቅተኛ መሆኑን አልሸሸገም። በሆስፒታል የተኙትን በተመለከተ፣ በጃፓን ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ በሆኑ፣ በተዳከሙና ድንገተኛ የልብ ድካም በያዛቸው አረጋውያን ላይ የተደረገና በ2022 የታተመ ሙከራ ለሁለት ሳምንት የተሰጠው ማነቃቂያ የጭን ጡንቻን ጉልበት እንደሚጠቅም አመልክቷል። ሙከራው ግን በተሳታፊ ቁጥር አነስተኛ ነው።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው ምንም መሣሪያ ያላተኮረበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 349 የልብ ድካም ሕሙማንን አሳትፏል። ሆስፒታል ሳሉ ተጀምሮ ከወጡም በኋላ የቀጠለው ሥልጠና ጉልበትን፣ ሚዛንን፣ መንቀሳቀስንና ጽናትን በእያንዳንዱ ሰው አቅም ልክ የሚገነባ ነበር። ሚዛን መጠበቅን፣ የእርምጃ ፍጥነትንና ከወንበር መነሣትን በሚለካውና እስከ 12 ነጥብ በሚሰጠው ፈተና፣ ከሦስት ወር በኋላ የሠለጠኑት 8.3፣ የተለመደውን እንክብካቤ ያገኙት 6.9 አመጡ። በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሆስፒታል ተመልሶ በመግባት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ማገገሚያ ሕይወትን ያረዝማል ወይም አልጋ ያስለቅቃል ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። የሰጠው ነገር ሌላ ነው፤ ሰው ያለ ደጋፊ እንዲቆም ያስችላል። ለሕመምተኛውና ሥራውን ትቶ ለሚያስታምመው ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእኛ ሕሙማን የጥናቶቹ ሕሙማን አይደሉም

ከላይ የተጠቀሱት ሙከራዎች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፤ ከኢትዮጵያ ሲታዩ ብቻ የሚገለጥ ድክመት ነው። የተሳተፉባቸው በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸው በደም ሥር መጥበብ ወይም በእርጅና የተጎዳ ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 ድንገተኛ የልብ ድካም የያዛቸውን ሕሙማን የመዘገበውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ሌላ ገጽታ ያሳያል። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ነበር። የበሽታው ምክንያት በ45 ከመቶው የደም ግፊት፣ በ14 ከመቶው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ ስምንት ከመቶ እንኳ አልሞላም። በስድስት ወር ውስጥ ወደ 18 ከመቶ የሚጠጉት ሕይወታቸው አልፏል።

በውስጥ ደዌ ክፍል የሚተኛው የእኛ ሕመምተኛ እንግዲህ ብዙ ጊዜ ሠራተኛ ነው። በልጅነቷ በታከመ ወይም ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልቧ ቫልቭ የጠበበ ወጣት ሴት ትሆናለች፤ ከወለደች በኋላ ልቧ የደከመ እናት ትሆናለች፤ ግፊቱን ሳያውቅ ዓመታት የቆየ ጎልማሳ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ከጃፓናዊው አረጋዊ ጋር የሚጋሩት ነገር ቢኖርም ልዩነታቸው ሥር የሰደደ ነው። ለምሳሌ የግራው ልብ መግቢያ ቫልቭ በጠበበበት ሰው፣ የልብ ምት ሲፈጥን ደም ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርድበት ጊዜ ያጥራል፤ ደሙ ወደ ኋላ ታቁሮ ሳንባን ያጥለቀልቃል። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ የልብ ምትን ብዙም ሳያፈጥን ጡንቻን የሚያሠራ መሣሪያ በመርህ ደረጃ ከአረጋዊው ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ወይም ማስፋት ተራ የምትጠብቅ ወጣት ተራዋ ሲደርስ ጭኗ ከስቶ ከመጠበቅ፣ ጉልበት ይዛ ብትደርስ ይሻላታል። ይህ ግን አሳማኝ ግምት እንጂ የተረጋገጠ እውነት አይደለም። በሌላ ሕዝብ ላይ የተለካን ውጤት በእነዚህ ላይ እንዳለ መጫንም፣ «ለእኛ አልተሠራም» ብሎ መተውም ሁለቱም ከምርምር መሸሽ ናቸው።

የዘነበ ወርቅ ትምህርት

ጥያቄው መሣሪያ ነው ወይስ ሰው ከሆነ፣ መልሱን ለመፈለግ ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። በዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በስሙ ውስጥም «ማገገሚያ» እና «ማሠልጠኛ» የሚሉት ቃላት ተቀምጠዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ሥጋ ደዌን በተጣመሩ መድኃኒቶች ማከምን የመከረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ ይህ ሕክምና ባክቴሪያውን በእርግጥ ይገድላል። የባክቴሪያው መሞት ግን የታጠፈውን ጣት አይዘረጋም፤ ስሜት ያጣውን እግር ከቁስል አይጠብቅም። ለዚያ የነርቭና የጅማት ቀዶ ሕክምና፣ የፊዚዮቴራፒ ልምምድ፣ ለእግሩ የተሠራ ጫማ፣ ሕመምተኛው ራሱን በየቀኑ እንዲመረምር የሚያስተምረው ሰው ያስፈልጋል። የሥጋ ደዌ ሕክምና «ተፈወሰ» እና «ተቋቋመ» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ቀድሞ ያወቀ ዘርፍ ነው።

የልብ ሕክምና ከዚህ ጎረቤቱ ሊማር የሚገባው ይህንን ነው። ፉሮሴማይድ ውኃውን እንደሚያስወጣ ሁሉ የተጣመሩት መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ያስወጣሉ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሥራ አይሠሩም። የሚቀረው ሥራ የእጅ ሥራ ነው፤ ሰው በሰው ላይ የሚሠራው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ፤ እነዚህ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ለተሰበረ አጥንት፣ ለጀርባ ሕመምና በስትሮክ ለተጎዳ እግር የሚጠሩ እንጂ የልብ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ዕለት ዕለት የሚታዩ አይደሉም። የመሣሪያ ግዥ ከዚህ ከቀደመ፣ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ኤሌክትሮዱ ይለጠፋል፤ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል፤ በመዝገቡ «ማገገሚያ ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሕመምተኛው ግን አልወረደም።

ቅድመ ሁኔታዎቹ

መሣሪያው ከገባ በምን ሥርዓት ይግባ? ቢያንስ አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል።

አንደኛ፣ የሚመረጠው ሰው መቆም የማይችለው ነው። የደም ግፊቱ ከተረጋጋ፣ ትንፋሹ ከሠከነና አደገኛ የልብ ምት መዛባት ከሌለ በኋላ እንዲነሣ ይሞከራል፤ በእርዳታ እንኳ መነሣት ካልቻለ ማነቃቂያው ይጀመራል፤ መነሣት በቻለበት ቀን የመሣሪያው ድርሻ እየቀነሰ የእግሩ ድርሻ ይጨምራል። መቼ እንደሚቆም ሳይወሰን የሚጀመር ማነቃቂያ መጀመር የለበትም።

ሁለተኛ፣ የማይገባባቸው ሁኔታዎች በግልጽ ይጻፉ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለለት፣ በእግሩ ደም ሥር የደም መርጋት ያለበት ወይም የተጠረጠረበት፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው ያለ ልዩ ሐኪም ውሳኔ አይነካም። በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር ሕመም የቆዳ ስሜቱን ያጣ ሰው መቃጠሉን ሳይናገር ሊቃጠል ይችላል። በከባድ እብጠት የተወጠረ ጭን ምቱን ወደ ነርቩ አያደርስም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሕመምተኛ መጀመሪያ ውኃው ሊቀንስለት ይገባል። ፉሮሴማይድ የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሊወርድ ስለሚችል፣ ይህ ሳይለካ ጡንቻውን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የመሣሪያው ዓይነት ይለይ። ሕመም ለማስታገስ ተብሎ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ የስሜት ነርቮችን የሚነካ ነው፤ ቆዳን ይነዝራል እንጂ ጡንቻን በበቂ አያኮማትርም። ለውፍረት መቀነሻ ተብለው የሚቸበቸቡ ቀበቶዎችም ለዚህ ሥራ አልተፈተኑም። ልኩ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ሳይሆን በዓይን የሚታየው የጭን መኮማተር ነው።

አራተኛ፣ ምግብ አይረሳ። ጡንቻ ከኤሌክትሪክ አይገነባም። ሕመምተኛው ምግብ ካስጠላው፣ ወይም ሕመሙ ሳያግደው የዐቢይ ጾምን እየጾመ ከሆነ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከሽምብራ በቂ ፕሮቲን ማግኘቱን፣ ጨው ደግሞ በሽሮውና በወጡ በኩል እንዳይበዛበት የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከአስታማሚው ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

መጠናት የሚገባው

እዚህ ላይ ለተመራቂ ተማሪዎችና ለአማካሪዎቻቸው የተተወ ክፍት መስክ አለ። ጥናቱ ውድ መሆን የለበትም። ሁለት ወገን ሕሙማን በዕጣ ይለያሉ፤ ሁለቱም ወገኖች በየቀኑ ወደ ወንበር መውረድን፣ መቆምንና መራመድን ያገኛሉ። አንደኛው ወገን በዚህ ላይ ማነቃቂያ ሲጨመርለት፣ ሌላው ጡንቻ በማያኮማትር አነስተኛ ምት ብቻ ይነካል። የሚለካው ሰው ማን የትኛው እንደሆነ አያውቅም። መለኪያዎቹም ቀላል ናቸው፦ ሕመምተኛው ያለ ድጋፍ የቆመበት ቀን፣ የጭኑ ጉልበት፣ ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሣት የወሰደበት ጊዜ፣ ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ያለበት ሁኔታ። የሩማቲክ ሕሙማን ከሌሎቹ ተለይተው ሊተነተኑ በሚችሉበት ቁጥር መግባት አለባቸው። ትንሽ ጥናት ስለ ሞት ሊናገር አይችልም፤ ስለ መቆም ግን ሊናገር ይችላል።

የማነቃቂያውን ጥቅም ያለ መነሣት ልምምድ ብቻውን ከተለመደው እንክብካቤ ጋር ማወዳደር ግን ከወዲሁ ሊወገድ የሚገባው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ጥናት መሣሪያው ከምንም ይሻላል የሚል መልስ ይሰጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ከሰው እጅ በላይ የሚጨምረው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

መድኃኒት በሚጠፋበት፣ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ዓመታት በሚጠበቅበት፣ ፔኒሲሊን በየወሩ መውጋት ሩማቲክን ሊከላከል በሚችልበት አገር ስለ ጡንቻ ማነቃቂያ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። መከላከል ከሁሉ ይቀድማል፤ መድኃኒት የሌለው ማገገሚያም ከንቱ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው አልጋው ላይ ያለው ዛሬ ነው፤ ወንበሩም አጠገቡ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ማስቀመጥና ማቆም የመድኃኒት በጀት አይነካም። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ማስነሣት፣ ቀጥሎ ማስነሣት ያልተቻለውን በመሣሪያ ማሻገር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰው ኃይል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ነርሶች ከሥራቸው ብዛት የተነሣ ሕመምተኛን ለማስነሣት ጊዜ የላቸውም። ይህም እውነት ነው። ይሁንና የኢትዮጵያ ሆስፒታል ሌሎች ብዙ አገሮች ያጡት ሀብት አለው፤ ሌት ተቀን ከአልጋው የማይለይ አስታማሚ። ዛሬ ይህ ጉልበት የሚውለው ሕመምተኛውን ከመንቀሳቀስ ለመጠበቅ ነው። አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለእያንዳንዱ አስታማሚ ሩብ ሰዓት ሰጥቶ እንዴት እንደሚደገፍ፣ መቼ እንደሚቆም፣ የትኛው የትንፋሽ ማጠር የሚጠበቅ፣ የትኛው ሐኪም የሚያስጠራ እንደሆነ ቢያሳይ፣ ያው ፍቅር አቅጣጫውን ይለውጣል። «ይረፍ» የሚለው ቃል «እስቲ እንነሣ» ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቢገባ ጠቃሚ እንግዳ ነው፤ ባልተዘጋጀ ቤት ቢገባ ግን የባለቤቱን ወንበር ይይዛል። የልብ ድካም ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ በመዝገቡ ላይ ከክብደቱና ከግፊቱ ጋር አንድ ቁጥር መጨመር ይገባዋል፦ ከወንበር ሳይደገፍ ስንት ጊዜ ተነሣ። ይህን ቁጥር መጻፍ የጀመረ ክፍል መሣሪያው ያስፈልገው እንደሆነና ለማን እንደሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ከራሱ መዝገብ ያውቃል።